ኮሶዬን የወጣው ተሳቢ ቤት

ባለቤቴ ሃያ ዓመት ገደማ እንግዳ ወደ ስሜን ተራሮች ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነበር። ከየአገሩ የመጣውን ሰው ጎንደር ላይ ተቀብሎ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ተራራው ላይ ያደርሳል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ ያሳያል፣ ከዚያ መልሶ ያመጣል። የራሱ ልጆች ግን ጭላዳ ያዩት በእሱ ስልክ ላይ ነበር። ሥራ በሚሞቅበት ወራት እሱ እቤት የለም። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ክረምት ደግሞ ተራራው ጉም ለብሶ አንድ ክንድ አያሳይም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የኔ ዕረፍት የሚውለውም በዚያው በክረምት ነው። እናም «ለከርሞ እንሄዳለን» እያልን ትልቋ ልጃችን አሥረኛ ክፍል ደረሰች፣ ትንሿም ስምንት ዓመት ሞላት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና እንግዳው ቀረ። የሚሠራበት ፒክአፕ ግቢያችን ውስጥ ቆመ። አልፎ አልፎ የሰው እህል ወይም የሰው ዕቃ ይጭንበታል እንጂ አብዛኛውን ቀን እንደ ቆመ ይውላል። ባለቤቴ ግን በየጠዋቱ ሞተሩን እያስነሳ ያዳምጠዋል። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አያውቅበትም ነበር።

ሕመሙ ሲጀምረው ከዚሁ ሥራ ማጣት መስሎኝ ነበር። ምግብ እምቢ አለው፣ ጎኑን ይወጋው ጀመር፣ ሱሪውን በቀበቶ እየሰበሰበ ይለብስ ነበር። ሆስፒታል ተመላልሰን በመጨረሻ ሐኪሙ ለብቻችን አስቀምጦ ነገረን። ጉበቱ ላይ ነው፣ ቆይቷል፣ በቀዶ ጥገና የሚወጣም አይደለም አለን። ወጥተን ፒክአፑ ውስጥ ገባን። ቁልፉን ሰክቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ቆየ። ከፊታችን አንዲት ሴት ብርቱካን ትሸጣለች፤ ሁለታችንም እሷን ነበር የምናየው።

«ለልጆቹ ጨጓራ ነው እንበላቸው» አለኝ።

እሺ አልኩት። ያን ቀን ሌላ ነገር ቢለኝም እሺ እለው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን ውስጥ በጎማ ላይ የቆመ ነጭ ቤት አገኘሁ። ሁለት መስኮት አለው፣ አንድ ጠባብ በር፣ ከፊቱም እንደ ጋሪ ረጅም የብረት መጎተቻ። ካራቫን ነው። በእንፍራንዝ በኩል መንገድ ሲሠራ የቆየ ድርጅት ካምፑን አፍርሶ ሲሄድ በጨረታ የሸጠው ነው፤ መሐንዲሶቹ ይተኙበት የነበረ። ባለቤቴ በጭነት መኪና ጀርባ አስጭኖ አምጥቶት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ፊቱ እንደ ሠርገኛ በርቷል።

«ድንኳን ውስጥ ከእንግዲህ መተኛት አልችልም» አለኝ። «ተቀምጬም ረጅም መንገድ አልችልም። ይሄን ከፒክአፑ ኋላ እንቀጥለውና ባመመኝ ቦታ ቆመን እተኛለሁ። አራታችንም ተራራው ላይ እናድራለን።»

«በዚህ ሁኔታህ?»

«በዚህ ሁኔታዬ ካልሆነ በየትኛው ሁኔታዬ ነው?»

ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ቤቱን አይተው አበዱ። ትንሿ ወዲያው ከላይና ከታች ከተሠሩት የብረት አልጋዎች የላይኛውን የራሷ አደረገችው። ከአሮጌ ሻሼ መጋረጃ ቆርጣ ሰቀለች፣ ትራሷን ከቤት አምጥታ አስቀመጠች። እራቷንም እዚያው ካልበላሁ ብላ አስቸገረችን። ትልቋ መስኮቶቹን በውኃና በሳሙና ስታጥብ አመሸች። ባለቤቴ ወንበር ይዞ ውጭ ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ያን ምሽት ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሙሉ ሳህን ሾርባ ጠጣ።

ችግሩ የመጣው ክብደቱን ስናውቅ ነው። ባለቤቴ ካራቫኑን እንደገና በጭነት መኪና አስጭኖ አዘዞ የመኪና ሚዛን ላይ አስመዘነው። ሲመለስ ከፒክአፑ ኪስ መመሪያውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና እኔን ጠራኝ።

«ፒክአፑ የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ይጎትታል» አለኝ። «ፍሬን የሌለው ከሆነ ግን ሰባት መቶ ሃምሳ ብቻ። ይሄ ፍሬን ነበረው፤ ዝጎ አልቋል። ክብደቱ ደግሞ ባዶውን አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ነው።»

«ቀስ ብለን ብንሄድስ?»

«ሽቅቡን ሞተሩ እየተነፋረቀም ቢሆን ያወጣዋል። እኔ የምፈራው ቁልቁሉን ነው። ከኮሶዬ ስንወርድ ይሄ ሁሉ ብረት ከኋላ ይገፋናል። የፒክአፑ ፍሬን ብቻውን ሁለቱን አይዝም። ይግላል፣ ከዚያ ብትረግጪውም የለም።»

ይህን ሲል ከመጽሐፍ እያነበበ አይደለም። ሊማሊሞ ላይ ፍሬን የበጠሰ መኪና ገደል ሲገባ ሰዎቹን ለማውጣት ከወረዱት አንዱ እሱ ነው። ያን ቀን ያየውን ለእኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ።

የፍሬኑን ዕቃ ፍለጋ ጎንደር ውስጥ ያልገባበት ጋራዥ የለም። አዲስ አበባ ያለ የድሮ ጓደኛው መርካቶን ዞረበት። ወይ የለም ይላሉ፣ ወይ የማይገጥም ነገር ይላክልናል። መንገዱም አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል፣ አንዳንድ ሳምንት ይከፈታል፤ የተላከው ዕቃ እንኳ ባሕር ዳር ተቀምጦ ይከርማል። ባለቤቴ በዚህ መሐል እየቀለለ ሄደ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ካራቫኑ ሥር ተንበርክኮ ሳየው፣ የሚነሣ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን አልቻልኩም።

«ሌላው ሰው ተሳቢ ላይ ሌላ ተሳቢ ጭኖ ይሄድ የለም እንዴ?» አልኩት። «አንተ ምን ያህል ጊዜ ያለህ ይመስልሃል?»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት። እሱ ግን አልተቆጣም። እጁ ላይ ያለውን ዝገት በጨርቅ ጠረገ።

«ጊዜ እንደሌለኝ ነው የማውቀው» አለኝ። «እኔ ገደል ብገባ ያው ቀኔ ነው። እናንተ ግን ገና ናችሁ።»

ፍሬኑ ካልተገኘ ክብደቱን እናወርዳለን ብሎ የወሰነው ያን ጊዜ ነው። ቤቱን ከውስጥ ይፈታው ጀመር። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የተገጠመው የማቀዝቀዣ ማሽን ወጣ፤ ሁለት ሰው ነው የተሸከመው። ከዚያ የውኃው በርሜል፣ የዕቃ ማጠቢያው፣ የብረት ቁምሳጥኑ፣ ከታች የተበየዱት አራት የማቆሚያ እግሮች። እነሱን በያጅ መጥቶ ቆረጣቸው። ግቢያችን የብረት መሸጫ መሰለ። እያንዳንዱን ዕቃ እዚሁ ጎንደር ያለ የእህል ነጋዴ ጓደኛው በሚጠቀምበት ሚዛን እያስመዘነ ከጠቅላላው ይቀንሳል። ሁልጊዜም የሚቀረው ከሚፈልገው በላይ ነው።

የአልጋዎቹ ተራ ሲደርስ ትንሿን ጠራት። ሌላውን ዕቃ ሁሉ የፈታው ለማንም ሳይነግር ነበር፤ ይሄን ግን ነገራት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የብረት አልጋ ከብዶናል። ብናወርደው ምን ትያለሽ?»

«የኔ አልጋ ብቻውን ቢቀርስ?»

«የላይኛው በታችኛው ላይ ነው የቆመው።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወጥታ መጋረጃዋን ራሷ ፈታች፣ ትራሷን ታቅፋ ወደ ቤት ገባች። አላለቀሰችም። ባለቤቴ ብሎኑን ሲፈታ ግን ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ አራታችን የምናድርበት ቤት፣ ወለሉ ላይ አንድ ፍራሽ የተነጠፈበት ባዶ ሳጥን ሆነ። ፍራሹ የእሱ ነው። እኔና ልጆቹ ድንኳን ይዘን ከአጠገቡ ልናድር ተስማማን።

የቀረው ነገር፣ መጎተቻው በፒክአፑ ጀርባ ላይ የሚያሳርፈው ክብደትና የእኛው የአራታችን ክብደት ነበር። «ሰውም ጭነት ነው» ይላል። ፒክአፑ ጀርባው ላይ የሚችለው ልክ አለው፤ ተሳቢው አፍንጫውን ሲጭንበት ከዚያ ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሁላችንም ወደ ጓደኛው የእህል መጋዘን ሄድን።

ይሄ ጓደኛው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ጎንደር ውስጥ ሲነግዱ የኖሩ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነው። አብረው ነው የተማሩት፣ በዓሉንም በየተራ አብረን ነው የምንበላው። ከታመመ ወዲህ ግን ባለቤቴ ዕቃውን በሰው እየላከ ያስመዝን ስለነበር ብዙ አልተያዩም። ጓደኛው ሲያየው ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ወዲያው ግን ሳቅ አለና አቅፎ ሳመው።

«አልሐምዱሊላህ፣ መጣህ። ዛሬ ደግሞ ምን ልታስመዝነኝ ነው?»

«ቤተሰቤን» አለው ባለቤቴ።

ሚዛኑ የድሮው ዓይነት ነው፤ ከታች ጆንያ የሚቀመጥበት ሰሌዳ፣ ከላይ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ በጣት እየተገፋ የሚሄድ ብረት። ትንሿ ዘላ ወጣች። ሃያ አራት። ከዚያ እኔ ወጣሁ፤ የኔን ልዝለለው። ትልቋ ወጣች። ሃምሳ አንድ። ባለቤቴ ጃኬቱንና ጫማውን አውልቆ ወጣ።

ጓደኛው ከልማዱ ብረቱን ሰማንያ ላይ አደረገው። ለብዙ ዓመት የሚያውቀው ሰማንያ ኪሎውን ሰው ነው። ዘንጉ አልተነቃነቀም። ወደ ሰባ አምስት ሳበው። ወደ ሰባ ሳበው። ስልሳ አምስት ላይ እጁ ቆም አለ፤ የተበላሸ እንደሆነ ሰሌዳውን ዝቅ ብሎ አየ። ከዚያ በጣም ቀስ እያለ መሳቡን ቀጠለ። መጋዘኑ ውስጥ የብረቱ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ዘንጉ ተንሳፍፎ ሲቆም ማናችንም ቁጥሩን ጮክ ብለን አላነበብነውም።

ያነበበችው ትልቋ ናት።

«ሃምሳ ሦስት» አለች። «አባዬ፣ ከኔ ሁለት ኪሎ ብቻ ነው የምትበልጠው።»

ጓደኛው ትንሿን እጇን ይዞ «ነይ፣ ተምር አለልሽ» ብሎ ወደ ሱቁ ወሰዳት። ባለቤቴ ከሚዛኑ ወርዶ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለና ተወው።

«ጨጓራ አይደለም፣ አይደል?» አለችው ትልቋ።

እኔን ቀና ብሎ አየኝ። ልለምነው ፈልጌ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምለምነው ግን አላውቅም።

«አይደለም» አላት። «ጉበቴ ነው።»

«ይድናል?»

«አይድንም፣ ልጄ።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«ታውቃለች። አትንገሪያቸው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ልጄ ቆማ ቀረች። ዓይኗ ሚዛኑ ላይ ነው። «ታዲያ ምነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ብሎን ስትፈታ ትውላለህ? ምነው ዝም ብለን አንሄድም?» አለችው። እኔ በቁጣ የጠየቅሁትን እሷ በለሆሳስ ጠየቀችው።

«አንቺን ይዤ ስለምሄድ ነው» አላት።

ጎንበስ ብላ የጫማውን ክር አሰረችለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የብሎን መፍቻ ቁልፉን የያዘችው እሷ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አስቀምጣ ካራቫኑ ውስጥ ትገባለች፤ እሱ ወንበር ላይ ሆኖ በጣቱ ያሳያታል፣ እሷ ትፈታለች። የመጨረሻውን የእንጨት ግድግዳ ነቅላ ያወጣችው ብቻዋን ነው። አንድ ቀን «እኔ ብቀርስ? ሃምሳ አንድ ኪሎ ይቀንስላችኋል» ብላው ነበር። «አንቺ የፒክአፑ ጭነት እንጂ የተሳቢው አይደለሽም፤ ሒሳብሽ ተሳስቷል» አላትና ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። ማድቤት ሆኜ ሰማኋቸው።

ለመጨረሻ ጊዜ አዘዞ ስናስመዝነው ሰባት መቶ አርባ አምስት ሆነ። ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ስመለከት ምስጋና ይሁን ድካም አላወቅሁም።

ለመንዳት ግን አቅም አልነበረውም። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ከተማ ውስጥ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት እነዳለሁ እንጂ ተሳቢ ጎትቼ አላውቅም። አዘዞ አጠገብ ካለ ሜዳ ወስዶ አስተማረኝ። ወደፊቱ ቀላል ነው፤ ወደ ኋላ ሲሆን ግን መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር ቤቱ ወደ ግራ ይሄዳል። ደጋግሜ አጣምሜው በመጨረሻ መሪው ላይ ግንባሬን አስደግፌ አለቀስኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሳበቃ፣ «እሺ፣ አሁን ደግሞ ወደማትፈልጊው አቅጣጫ አዙሪው» አለኝ። ያን ጊዜ ቀና።

መስከረም አልፎ መንገዱ ክፍት በሆነበት አንድ ጠዋት ተነሣን። ጎረቤቶቻችን በር ላይ ቆመው ሸኙን። ሰው ነገሩን በውል የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር፤ ግን አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞር ስትል አየኋት። ባለቤቴ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሞ፣ ጎኑን በትራስ ደግፎ አጠገቤ ተቀመጠ። ልጆቹ ከኋላ። በካራቫኑ ውስጥ ሰው ተቀምጦ አይጓዝም ብሎ ከለከለን፤ እሱም ቢሆን።

ጎንደርን ወጥተን ዳገቱ ጀመረ። ከኋላዬ ያለው ክብደት በየመታጠፊያው ይሰማኛል፤ ሰው ቀሚሴን የያዘኝ ያህል። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ያዳምጣል።

«ሁለተኛ አድርጊው» ይለኛል። «አትቸኩዪ። ከፍታው ሲጨምር እሱም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል።»

የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል እንዳቆም ይነግረኛል። ትልቋ ዘላ ወርዳ ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ ታደርጋለች። ሞተሩ እስኪበርድ እሱ ካራቫኑ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ ከዚያ እንቀጥላለን። ያለ ተሳቢ ቶሎ የሚወጣው ዳገት ግማሽ ቀን ወሰደብን። ኮሶዬ ስንደርስ በሩ ወደ ገደሉ እንዲሆን አድርጌ አቆምኩ፤ ያንን ወደ ኋላ መመለስ አንድም ሳልስት ነው የሠራሁት። ፍራሹ ላይ በጎኑ ተኝቶ ከታች ያለውን ቆላ ያያል። ትንሿ እግሩ ሥር ተቀምጣ ቆሎ ትበላለች።

በመንገዱ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቆመው አዩን። በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ካራቫኑን ዞሩት።

«ቤት ይዛችሁ ወዴት ነው?» አሉ።

«አያ፣ ልጆቼን ተራራ ላሳይ ነው» አላቸው ባለቤቴ ከውስጥ ሆኖ።

«ሸጋ ነው» አሉ። ገጽታውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተራራው የት ይሄዳል? እግዜር አንተን ይማርህ እንጂ።»

ዳባት ስንደርስ መሽቶ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ የእናቱ ግቢ አለ። አማቴ ልጃቸውን ትንሽ እንዳመመው እንጂ እንዲህ መሆኑን አልሰሙም። መብራቱን አይተው ከአጥሩ ወጡ። እሱ እኔን ተደግፎ ሲወርድ ባሉበት ቆሙ፤ ከዚያ ቀርበው ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ምነው ልጄ?» አሉት። «ምነው?»

«አመመኝ፣ እማዬ።»

ወዲያው ካራቫኑን አዩ። «እኔ ቤት እያለኝ ቤት ይዘህ መጣህብኝ?» አሉና ከቤቱ ጓሮ ዞሩ። ብዙ ቆይተው ሲመለሱ ፊታቸውን ታጥበው ነበር። ከዚያ በኋላ በፊቱ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ቀና ብሎ መቀመጥ አቃተው። መንገዱ ያለ የሌለ ኃይሉን ጨርሶታል። ሆዱ ተነፍቷል፣ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ነው። ከጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ መርፌ ወጋችው፤ ስትወጣ ለእኔ ራሷን ነቀነቀች። ተራራው ከዚያ ቅርብ ነው፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄደው መንገድ ነው።

«ካራቫኑን ፍቺውና ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ» አለኝ። «ፒክአፑ ባዶውን ይበራል። ማታ ትመለሳላችሁ።»

«አንተን ትቼ የትም አልሄድም።»

አማቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ሂጂ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ አለሁ። ለልጆቹ የገባውን ቃል አታስበዪው።»

ትልቋ መጎተቻውን ፈታች፤ እንዴት እንደሚፈታ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቅ ነበር። ስንሄድ ባለቤቴ የካራቫኑን በር ክፍት እንድንተውለት ነገረን። የምንቆምበትን ቦታ፣ የምንወርድበትን፣ ጭላዳዎቹ ጠዋት የሚግጡበትን ሜዳ አንድ በአንድ አስረዳን። ትንሿን አስጠግቶ «ዓይን ዓይናቸውን አትዪ፤ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ ራሳቸው ይመጣሉ» አላት።

ደባርቅ ላይ ጠባቂ ይዘን ወደ ፓርኩ ገባን። ጭላዳዎቹ እሱ ያለን ቦታ ላይ ነበሩ። ሜዳው በእነሱ ተሞልቶ፣ ሁሉም ቁጢጥ ብለው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ትንሿ እንደ ተነገራት ዝቅ ብላ ተቀመጠች። አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ በአጠገቧ አለፈች፤ ልጄ ትንፋሿን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ትልቋ ከገደሉ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ስጠጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሚዛኑ ላይ ያላለቀሰችውን እዚያ አለቀሰች። አቀፍኳት። ጠባቂው መሣሪያውን አስተካክሎ ወደ ሌላ በኩል ሄደልን።

ስንመለስ ገና ብርሃን ነበር። አማቴ ከፍራሹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው እጁን ይዘዋል። ትንሿ ሮጣ ገባች።

«አባዬ፣ ጦጣዎቹ መጡ፣ አጠገቤ መጡ።»

«ጦጣ አትበያቸው» አላት። «ጭላዳ ናቸው። ወንዱ ደረቱን አሳየሽ? ቀዩን?»

«አሳየኝ። ልብ ይመስላል።»

«ምን ይላል ሲጮህ?»

እሷ ድምፁን አወጣች። አልመሰለም፤ እሱ አረማት፣ እንደገና አወጣች። ሳቀ፣ ሳቁም አመመው፣ ጎኑን ይዞ መሳቁን ቀጠለ። አማቴም ሳቁ። ያን ሰዓት ከዚህ በላይ ልነግረው አልችልም።

ጎንደር ለመመለስ ስንሰናዳ አልሄድም አለ። የተወለደው እዚያ ነው፤ አባቱም ያረፈው እዚያው ደብር ነው። ልጆቹን ለትምህርት ይዣቸው ተመልሼ እህቴ ጋ አስቀመጥኳቸው፣ እኔም ከትምህርት ቤቴ ፈቃድ አውጥቼ ዳባት ገባሁ። ለትንሿ አባቷ እንደማይድን የነገርናት ከዳባት ከመነሣታችን በፊት ነው፤ እሱ ነው የነገራት፣ እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። ምን እንዳላት ሁለቱም አልነገሩኝም።

ቤት ውስጥ እንዲገባ እናቱ ቢለምኑት እምቢ አለ። ካራቫኑ ውስጥ በሩ ተከፍቶ የገብሱን ማሳ እያየ መተኛት ወደደ። ገብስ ሊታጨድ ደርሶ ነበር። አጫጆቹ በየቀኑ ከሩቅ እየቀረቡ ሲመጡ ያያቸዋል። አንድ ረፋድ ሸሚዙን ሳጥብ አማቴ በስሜ ጠሩኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። እጄን ሳልጠርግ ገባሁ፤ ሄዷል። ውኃው ከእጄ ፍራሹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

በሩ ጠባብ ስለሆነ ቃሬዛ አላስገባም። የጎረቤት ወንዶች በጋቢ አድርገው፣ ሁለቱ ከውስጥ፣ ሁለቱ ከውጭ ሆነው አወጡት። አንደኛው «ቀሎናል፤ ቀስ በሉ» ሲል ሰማሁ። ትልቋ ከእህቷ ጋር ከጎንደር ስትደርስ አባቷ ተገንዞ ነበር። ያ የእህል ነጋዴ ጓደኛው አብሯት መጣ፤ ቀብሩ ላይ ከደብሩ አጥር ውጭ ቆሞ ሲያለቅስ ዋለ፣ ለሰልስትም ተመልሶ መጣ።

ከለቅሶው በኋላ ወደ ጎንደር ስንወርድ ካራቫኑን አልጎተትኩም። ትልቋ የፊት ወንበሩን ቀና አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ፒክአፑ እንደ ፍየል ይዘላል፣ መሪው ቀሎኛል። ኮሶዬን ስንወርድ ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ ነበር። ከኋላ የተሰበሰቡት መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉ ያልፉኛል። «እማዬ፣ አሁን እኮ ባዶ ነን፤ መፍጠን ትችያለሽ» አለችኝ። አልፈጠንኩም። 

አማቴ አሁን የሚተኙት ካራቫኑ ውስጥ ነው። ዘመዶች ተቆጥተዋቸዋል፤ ብርድ ነው፣ ሰው የሞተበት ነው ይሏቸዋል። እሳቸው «ይሞቀኛል» ይሏቸዋል። ጎማዎቹን ሊገዛ የመጣ ሰው ነበር፤ ውኃ አጠጥተው ሸኙት። ጎማዎቹ አሁን ግማሽ በግማሽ መሬት ውስጥ ገብተዋል፣ ጥጃዎቹ ጎናቸውን ያሹበታል፣ ነጩ ቀለም ከታች በኩል ተልጧል። ልጆቹን ይዤ ስሄድ ከአያታቸው ጋር ሦስቱም እዚያ ፍራሽ ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ። እኔን ቦታ የለም ብለው ቤት ይልኩኛል። ጠዋት ስነሣ ትንሿ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ አያቷ ፀጉሯን ሲያበጥሩላት አገኛለሁ።